ጅማ ብቻሽን? ሂጂ፣ ግን ለሁለት ቀን አይሁን

እህቴ፣ «ብቻዬን ጅማ ሄጄ አንድ ሳምንት ብቀመጥ ይሰለቸኛል? ለሴት ልጅስ ይከብዳል?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ባለፈው ኅዳር ዘጠኝ ቀን ብቻዬን ተቀምጫለሁና ያየሁትን ልንገርሽ።

ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሌሊት ተነሺ። ወሊሶንና ወልቂጤን አልፈሽ ጊቤ በረሃ ስትወርጂ ሹራብሽን ታወልቂያለሽ፤ ወደ ሶኮሩ ስትወጪ አረንጓዴው ይቀበልሻል።

እኔ ስደርስ በስልክ ያስያዝኩት አልጋ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ሻንጣዬን ይዤ መንገድ ዳር ቆሜ እንባዬ ሲመጣ፣ ጀበና ጥዳ የተቀመጠች አንዲት እናት «ነይ፣ መጀመሪያ ቁጭ በይ» አለችኝ። ቡናዬን ጠጥቼ ስጨርስ ልጇን አስከትላ ንጹሕ አልጋ ቤት አስያዘችኝ። ስለዚህ ፀሐይ ሳትጠልቅ ድረሺ፤ ክፍሉን ሳታዪ፣ በሩም ከውስጥ በደንብ መቆለፉን ሳትሞክሪ አትክፈዪ።

ጅማን የወደድኳት በዚያች ሴት ምክንያት ነው። በማግስቱ ላመሰግናት ሄድኩ፣ ከዚያ በየቀኑ ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን ሰፌዱን አቀብላኝ ቡና አብሬያት ለቀምኩ። በአምስተኛው ቀን ትንሽ ብዘገይ «ምነው አመመሽ?» አለችኝ። አቦሉን ጠጥተሽ ብትነሺ ትቀየማለች፤ በረካው እስኪደርስ ያለው ሰዓት ነው ጅማ ማለት። ሁለት ቀን አይበቃም የምልሽም ለዚህ ነው፤ ሰው እስኪለምድሽ ጊዜ ይፈልጋል።

የሚታየውም አለ። ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ጠዋት እዪው። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. የገዙ የጅማ ንጉሥ ናቸው። ለምኒልክ ግብር እየከፈሉ አገራቸውን ከጦርነት አተረፉ። የእንጨት ሰገነቱን ቀረብ ብለሽ እዪ፣ እጅ ያረፈበት ሥራ ነው። ስትወጪ በባጃጅ፣ ስትመለሺ በእግርሽ ይሁን፤ ከተማው ከእግርሽ ሥር ተዘርግቶ ይታይሻል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ከሄድሽ ጅማ አቅራቢያ ወዳለችው አጋሮ ከተማ ውጪ፤ እሸት ቡና ሲለቀም፣ በየደጁ ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለባው የሚደርቅ ቡና፣ ሲሰጣ ታያለሽ። በክረምት አልመክርሽም፣ ዝናቡ ከቤት አያስወጣም።

ስለ ደህንነት፣ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ክፉ ነገር አልገጠመኝም። ከመሸ በኋላ ግን በእግሬ አልሄድኩም፣ የማውቀውን ባለ ባጃጅ እየደወልኩ እጠራ ነበር። «ብቻሽን ነሽ?» የሚለው ጥያቄ ይበዛብሻል። መጀመሪያ ላይ ፈርቼ «ወንድሜ ይመጣል» እል ነበር፤ በኋላ የሚጠይቁኝ እናቶች ስለሚያስቡልኝ መሆኑ ሲገባኝ እውነቱን ነገርኳቸው። ለማላውቀው ወንድ ግን ያረፍኩበትን ቦታ አልተናገርኩም፣ አንቺም አትናገሪ። «አካም» (እንዴት ነሽ) እና «ገለቶማ» (አመሰግናለሁ) የሚሉትን ሁለት የኦሮምኛ ቃላት ያዢ፣ ፊት ያፈካሉ።

ሐሙስ የገበያ ቀን ስለሆነ ጉዞሽ ሐሙስን ይጨምር። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለውን ባለ ሦስት እግር በርጩማ የገዛሁት በዚያ ቀን ነው፤ ዋጋውን በኦሮምኛ የተከራከረችልኝም ያቺው ባለ ቡና ናት። ቀን ስትቆርጪ ጻፊልኝ። የምትቀመጥበትን ጥግ እነግርሻለሁ፣ አንቺም ሰላምታዬን ታደርሺልኛለሽ።