በተኑ ደህና ነው፤ ክሊኩን ቀድሞ የሚወስድበት አለ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በጎዶት 4 (የጨዋታ መሥሪያ ሶፍትዌር) ጨዋታ እየሠራሁ ነው። ሲከፈት ጥቁር ስክሪን ቀስ እያለ ይጠፋና «ጀምር» የሚል በተን ያለበት ሜኑ ይመጣል። በተኑን በማውስ ስጫነው ግን ወይ ፍንክች! ማውሱ ሲያርፍበት እንኳ ቀለሙ አይቀየርም። ሲግናሉን (በተኑ ሲነካ ለኮዱ የሚልከውን መልእክት) ደጋግሜ አይቻለሁ፣ ተገናኝቷል። በዚያ ላይ ጨዋታው ውስጥ «ፖዝ» የሚለውን ስጫን ገጸ ባሕሪዬ አብሮ ይተኩሳል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። ሁለቱም ችግር የሚፈታው ክሊኩ መጀመሪያ ማን ጋ እንደሚደርስ ሲታወቅ ነው።

ኮዱን ከመነካካትህ በፊት ሜኑው ሲከፈት ለበተኑ «ግራብ ፎከስ» (የኪቦርዱን ትኩረት ወደ እሱ የሚያመጣውን ትእዛዝ) ጥራለትና ኢንተር ተጫን። ጨዋታው ከጀመረ ሲግናሉ ደህና ነው ማለት ነው፤ መንገድ ላይ የቀረው ማውሱ ብቻ ነው። ቀለሙ አለመቀየሩም ወደዚያው ይጠቁማል።

እኔ የምጠረጥረው ጥቁሩን ስክሪን ነው። «ከለር ሬክት» (ባለ አንድ ቀለም አራት ማዕዘን) ከሆነ፣ አልፋው (ምን ያህል ጎልቶ እንደሚታይ የሚወስነው ቁጥር) ዜሮ ሲገባ ከዓይን ይሰወራል እንጂ ከቦታው አይነሳም። «ማውስ ፊልተር» የሚለው፣ ክሊክ ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ የሚወስነው ምርጫው ካልተነካ «ስቶፕ» (ክሊኩን እዚሁ አስቀር) ላይ ነው። ስለዚህ በተኑ ላይ ያረፈ የመሰለህን ክሊክ ሁሉ እሱ ይቀበለዋል።

በግምት አትሂድ፣ አረጋግጥ። ጨዋታውን ከኤዲተሩ አስነሳና በተኑን ተጫን። ከዚያ ወደ ኤዲተሩ ተመለስና ዲበገሩ (ስህተት መፈለጊያው) ውስጥ «ሚስክ» የሚለውን ታብ ክፈት። «ክሊክድ ኮንትሮል» ከሚለው ጎን ክሊኩን የወሰደው ኖድ (ጨዋታው ከተሠራባቸው ክፍሎች አንዱ) ከነአድራሻው ተጽፎ ታገኘዋለህ። ይህችን ታብ ብዙ ሰው ሳያያት ኮዱን ሲያፈርስና ሲገነባ ያመሻል፤ በጣም ያሳዝነኛል።

መፍትሔው አጭር ነው። ትዊኑ (ስክሪኑን ቀስ እያለ የሚያጠፋው እንቅስቃሴ) ሲያልቅ ጥቁሩን ስክሪን በ«ሃይድ» ደብቀው። የተደበቀ ኖድ ክሊክ አይቀበልም። ማውስ ፊልተሩን «ኢግኖር» (ክሊኩን ችላ በል) ብታደርገውም ይሠራል፣ እኔ ግን አልመርጠውም፤ ስክሪኑ ገና ጥቁር እያለ ተጫዋቹ ሳያውቀው «ጀምር»ን ሊነካ ይችላል። እስኪጠፋ ይከልክል፣ ሲጠፋ ይደበቅ።

«ፓስ» የሚለው ሌላው የማውስ ፊልተር ምርጫ ግን እንዳያታልልህ። ክሊኩን ከሥር ወዳለው የሚያሳልፍ ይመስላል፤ የሚያሳልፈው ግን ወደ ወላጁ ኖድ (እሱን በሥሩ ወደያዘው) ነው። ጥቁሩ ስክሪንና በተኑ ወንድማማች ከሆኑ፣ «ፓስ» ብትለው ክሊኩ ወደ ላይ ይወጣል እንጂ በተኑ ጋ አይደርስም። በዩኒቲ (ሌላ የጨዋታ መሥሪያ) ለሚሠሩም ነገሩ ያው ነው፦ አልፋው ዜሮ የሆነ ምስል «ሬይካስት ታርጌት» የሚለው ክሊክ የመቀበያ ምርጫው እስከበራ ድረስ ክሊክ ይይዛል።

አሁን ወደ ተኩሱ። ጎዶት ክሊኩን መጀመሪያ በኮድህ ውስጥ «_ኢንፑት» ለሚባለው ፈንክሽን ይሰጣል፣ ቀጥሎ ለበተኖቹ፣ ማንም ያልወሰደውን ደግሞ «_አንሃንድልድ ኢንፑት» ለሚባለው ፈንክሽን። የተኩሱ ኮድ «_ኢንፑት» ውስጥ ካለ ከ«ፖዝ» ቀድሞ ይሰማል። በየፍሬሙ በሚሠራው «_ፕሮሰስ» ውስጥ ሆነህ «ኢዝ አክሽን ጀስት ፕረስድ» እያልክ የምትጠይቅ ከሆነም ያው ነው፤ እሱ ማውሱ መጫኑን ብቻ ይነግርሃል፣ በተን ላይ ይሁን አይሁን አያውቅም። ተኩሱን ወደ «_አንሃንድልድ ኢንፑት» አዛውረው።

ስታዛውረው ተኩሱ ጭራሽ እምቢ ቢል አትደንግጥ። የሕይወትና የነጥብ ማሳያዎቹን ያቀፈው፣ ስክሪኑን ሙሉ የሸፈነው «ኮንትሮል» የተባለው ኖድ ማውስ ፊልተሩ «ስቶፕ» ላይ ሆኖ ይሆናል። እሱን «ኢግኖር» አድርገው። ውስጡ ያሉት በተኖች እንደ ፊቱ ይሠራሉ፣ ባዶው ቦታ ላይ ያረፈው ክሊክም ለተኩሱ ይደርሳል።