የቮልስን የጨርቅ ጣሪያ በሌላ መኪና ጣሪያ መድፈን

ጥያቄ፦ ለተከበራችሁ የመጽሔቱ ዝግጅት ክፍል። የምኖረው ጅማ ከተማ፣ ፈረንጅ አራዳ ሲሆን ከአባቴ የወረስኳት እ.ኤ.አ. የ1961 ሞዴል ቮልስ አለችኝ። የጣሪያዋ መሀል ክፍት ሆኖ በሚታጠፍ ጨርቅ ይሸፈናል። ጨርቁ ተበጣጥሷል፣ የሚንሸራተትበት ሐዲድም በዝገት ተበልቶ መለዋወጫ አጥቼለታለሁ፤ ክረምት በገባ ቁጥር ወንበሩ ውኃ ይጠጣል። አሜሪካውያን የ1930ዎቹን ፎርዶች ሆት ሮድ (ለፍጥነትና ለውበት የተለወጠ አሮጌ መኪና) አድርገው ሲሠሩ ክፍቱን ጣሪያ ከተጣለ መኪና በተቆረጠ ጣሪያ እንደሚደፍኑት አይቻለሁ። ሄርማታ መርካቶ አካባቢ ያለ አንድ የባትላሜራ ባለሙያ ከተጋጨ ሚኒባስ ላይ ቆርጦ ሊሠራልኝ ተስማምቷል። ሥራው ያዋጣል? ምንስ ልጠንቀቅ?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ሥራው ይቻላል፣ በጥንቃቄ ከተሠራም መኪናዋ እስካለች ድረስ ያገለግላል፤ የሚኒባሱን ጣሪያ ግን አንመክርዎትም። የጠቀሷቸው ፎርዶች መሀላቸው ክፍት የነበረው፣ በዘመኑ የነበሩት የላሜራ መጫኛ ፕሬሶች ሰፊ ጣሪያ ከአንድ ብረት መቅረጽ ስለማይችሉ ነው፤ ክፍቱ በእንጨት አግዳሚና በሽቦ ወንፊት ላይ በተወጠረ ሸራ ይሸፈን ነበር። ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ1935 ሞዴሎቹ፣ ፎርድ ደግሞ በ1937 ሙሉ የብረት ጣሪያ መግጠም ጀመሩ። ስለዚህ የቀደሙትን ፎርዶች የሚያድሱ ሰዎች ምርጫ ስለሌላቸው፣ ከኋለኛ ዘመን መኪናዎች መካከል ጣሪያው በጉብጠቱ የሚቀራረበውን ይፈልጋሉ። የእርስዎ ቮልስ ነገር ከዚህ ይለያል። ፋብሪካው ያንኑ መኪና ድፍን ጣሪያ አድርጎም ያወጣው ስለነበር፣ ትክክለኛው መሙያ የሌላ ቮልስ ጣሪያ ነው፤ ወለሉ በስብሶ ወይም ተጋጭቶ የቆመ ቮልስ ደግሞ በሀገራችን ብርቅ አይደለም።

የሚኒባስ ጣሪያ ከጎን ወደ ጎን በመጠኑ ቢጎብጥም ከፊት ወደ ኋላ ቀጥ ያለ ነው ማለት ይቻላል፤ በዚያ ላይ ብዙዎቹ እንዳይርገበገቡ ተብሎ በፕሬስ የወጡ ረጃጅም መስመሮች አሏቸው። የቮልስ ጣሪያ በሁለቱም አቅጣጫ ይጎብጣል። ቀጥ ያለን ላሜራ በግድ አጉብጦ መበየድ ውጥረቱን በብረቱ ውስጥ ማስቀረት ስለሆነ፣ ጉድለቱ በስቱኮ ቢሸፈን እንኳ ስቱኮው ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ከወፍራም ካርቶን ሁለት አብነቶች ይቁረጡ፤ አንዱ የመኪናዎን ጣሪያ በርዝመቱ፣ ሌላው በወርዱ የሚለካ ይሁን። በሚገዙት ጣሪያ ላይ ሲያሳርፏቸው በሥራቸው ብርሃን ካሳዩ አይግዙ። እ.ኤ.አ. ከ1965 ሞዴል ጀምሮ የቮልስ መስኮቶች ስለሰፉ የጣሪያው ጠርዝ ከእርስዎ መኪና ጋር አይገጥምም፤ የሚፈልጉት መሀሉን ስለሆነ ግን አብነቱ ከተስማማ ይሆናል። የሻጩንም ሊብሬ ሳያዩ አይዋዋሉ።

ጣሪያው ሲቆረጥ የውስጥ ልብሱ አስቀድሞ ይነሳ፤ ቆረጣውም በጋዝ እሳት ሳይሆን በግራይንደር ዲስክ ይሁን፣ በየጎኑም ከሚያስፈልገው አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ይትረፍ። በእርስዎ መኪና ላይ ደግሞ ጨርቁ ያርፍበት የነበረው ከንፈር ዝገት የሚደበቅበት ቦታ ስለሆነ፣ ከእሱ አልፎ እስከ ንጹሕ ብረት ድረስ ይቆረጥ። እንዲህ ሲሆን መጋጠሚያው ይበልጥ ወደሚጎብጠው ጠርዝ ይጠጋል፤ ጎባጣ ብረት ደግሞ ሙቀትን ከዝርግ ብረት በተሻለ ይቋቋማል። ማዕዘኖቹ ክብ ይሁኑ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን መኪናዋ በጎማዋ ቆማ፣ በሮቿ ተዘግተው፣ ግራና ቀኙን ምሰሶ በውስጥ በኩል በቱቦ ብረት ማያያዝ ግድ ነው፤ አለበለዚያ ከብየዳው በኋላ በሩ አልዘጋ ሊል ይችላል።

ብዙ ጣሪያ የሚበላሸው በብየዳው ሰዓት ነው። የቀለጠ ብረት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ሲኮማተርም ዙሪያውን ላሜራ ይስባል። ባለሙያው መስመሩን ሳያቋርጥ ከበየደው የጣሪያው መሀል ይላላና በመዳፍ ሲጫኑት ገብቶ «ቷ» እያለ ይመለሳል፤ ይህን በኋላ ማቃናት ከአዲስ ሥራ ይከብዳል። በሚግ ብየዳ (ሽቦው ከእጀታው በራሱ እየወጣ በሚበይድ ማሽን) እና በቀጭን፣ በ0.6 ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ መጀመሪያ የአራቱ ጎኖች መሀል በነጥብ ይያዝ፤ ከዚያ በተቃራኒ ጎኖች እየተዘዋወሩ በነጥቦቹ መካከል ያለውን ርቀት እያጋመሱ መሄድ ነው። እያንዳንዱ ነጥብ እጅ የሚያስነካ እስኪሆን ድረስ በራሱ ይቀዝቅዝ፣ ውኃ አይፈስበት። ከሥሩ የብረት መደገፊያ ይዞ ነጥቡን በመዶሻ በቀስታ መምታት የተኮማተረውን መልሶ ይዘረጋዋል። ሞረዳም ያሞቃልና በአንድ ቦታ አይዘግዩ። ሠሪዎ ትዕግሥቱ ከሌለው፣ ዋጋው ቢረክስም ሌላ ሰው ይፈልጉ።

ሁለቱ ላሜራዎች አንዱ በሌላው ላይ ተደርበው እንዲበየዱ የሚመክሩ አሉ፤ ቀላልም ነው። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ በሚጥልበት በጅማ ግን በድርቡ መካከል የሚገባው እርጥበት መውጫ ስለማያገኝ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። ስለዚህ ጫፍ ለጫፍ ይገጠም። ሥራውን ለታኅሣሥና ለጥር ቢይዙት መልካም ነው፤ የተሞረደ ብረት ያለ ቀለም ሳያድር በዚያው ቀን ከላይም ከሥርም አንቲረስት ይቀባ። ስቱኮው ከሁለት ወይም ከሦስት ሚሊ ሜትር አይብለጥ። የውስጥ ልብሱ ከመገጠሙ በፊት በባልዲ ውኃ አፍስሰው ከውስጥ በባትሪ ይመልከቱ።

አንድ ነገር እንለምንዎታለን፦ የጨርቁን ፍሬምና የተረፈውን ሐዲድ አይጣሉ። ፋብሪካው ይህን የጨርቅ ጣሪያ እስከ እ.ኤ.አ. 1963 ድረስ ብቻ ነው የሠራው፤ ከዚያ በኋላ በእጅ በሚዞር የብረት ክዳን ተክቶታል። ግራሶ ቀብተው ጠቅልለው ያስቀምጡት፤ አንድ ቀን እርስዎ ወይም ልጆችዎ ልትመልሱት ትችሉ ይሆናል።

ጥያቄ፦ የእኔም ቮልስ እንዲሁ ጨርቅ ነው። ከአዲስ ሞዴል መኪና የተቆረጠ ጣሪያ አለኝ። ብየዳውን ትቼ በሪቬትና በሲሊኮን ብገጥመውስ? (ከአጋሮ)

መልስ፦ ለአንድ ክረምት ዝናብ ያስጥልልዎት ይሆናል፤ ነገር ግን መኪናው ባልተስተካከለ መንገድ ላይ በተወዛወዘ ቁጥር ሪቬቱ ቀዳዳውን እያሰፋ ስለሚሄድ ሲሊኮኑ ይላቀቃል። የብዙ አዳዲስ መኪናዎች ላሜራ በዚንክ የተለበጠ በመሆኑም፣ ወደፊት ለመበየድ ከወሰኑ ዚንኩ ከመጋጠሚያው ዙሪያ ሙሉ በሙሉ ተሞርዶ ይነሳ፤ ጭሱ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ስለሚያስይዝ ሥራው ነፋስ በሚያገኝ ቦታ፣ በመተንፈሻ ጭንብል ይሠራ።