የሞተው በሬ ለጥንብ አንሳ ይተዋል ወይስ ይቀበራል?

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ውስጥ ከብት አደልባለሁ። አንድ በሬ የሕመም ማስታገሻ መርፌ ከተወጋ በሦስተኛው ቀን ሞተብኝ። እንደ ወትሮው ከከተማ ውጭ ልጥለው ስል የእንስሳት ጤና ባለሙያው «የተወጋው ዳይክሎፌናክ ከሆነ ጥንብ አንሳ ይፈጃል፣ ቅበረው» አሉኝ። እውነት ነው? ጥንብ አንሳን ለማዳን አገሮች የተስማሙበት ዕቅድ አለ ይባላል፤ እኛንስ ይመለከታል?

መልስ፦ ባለሙያው ትክክል ናቸው። ዳይክሎፌናክ ለከብቱ ማስታገሻ ቢሆንም የጥንብ አንሳን ኩላሊት ያቆማል። በሽንት መውጣት የነበረበት ዩሪክ አሲድ ይጠራቀምና ልቡንና ጉበቱን እንደ ነጭ ዱቄት ይሸፍናል፤ ወፉ አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል፣ በቀናት ውስጥም ይሞታል። ከ1990ዎቹ ጀምሮ (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በሕንድ፣ በፓኪስታንና በኔፓል በሚሊዮን የሚቆጠሩት ያለቁት በዚሁ መድኃኒት ነው። ለዚያ እልቂት ከመቶ በድን የአንዱ እንኳ መበከል አላስፈለገም፤ አንድ በድን ላይ ብዙ ወፍ ይሰፍራልና። ምክንያቱ በ2004 ታወቀ፤ በ2006 ለእንስሳት እንዳይውል ተከለከለ።

ለወፎቹ የማይጎዳው ምትክ ሜሎክሲካም ነው። ኬቶፕሮፌንና ፍሉኒክሲን ምትክ አይሆኑም፤ እነሱም ጥንብ አንሳ ይገድላሉ። የሜሎክሲካም መጠን ለከብት በኪሎ 0.5 ሚሊግራም ነው፤ ለ300 ኪሎ በሬ 150 ሚሊግራም ማለት ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በሚሊሊትር 20 ሚሊግራም የያዘው ጠርሙስ ከሆነ 7.5 ሚሊሊትር ይበቃል፤ 5 ሚሊግራም የያዘው ከሆነ ግን 30 ሚሊሊትር ያስፈልጋል። ከቀጭኑ 7.5 ብቻ ይወጋና «መድኃኒቱ አይሠራም» ተብሎ ወደ ዳይክሎፌናክ ይመለሳል። ስለዚህ መርፌው ከመሰካቱ በፊት የጠርሙሱን ጽሑፍ ከባለሙያው ጋር አብረው ያንብቡ።

በመርፌ ሰሞን የሞተ ከብት ይቀበር። ጤነኛ ሆኖ ገደል ገብቶ የሞተው ለወፎቹ ሊተው ይችላል፤ ከመኪና መንገድ፣ ከመብራት ሽቦና ከውኃ ይራቅ እንጂ። ድንገት ሞቶ ካፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው የማይረጋ ጥቁር ደም ከፈሰሰ ግን አባ ሰንጋን ይጠርጥሩ። በጭራሽ አይገፈፍ፣ ሆዱም አይቀደድ፤ ጀርሙ አየር ሲያገኝ አፈር ውስጥ ለዓመታት የሚቆይ ስፖር ይሆናል። ወዲያው ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ያሳውቁ፤ ማቃጠል ይሻላል፣ ካልተቻለ ሁለት ሜትር ያህል ጠልቆ ይቀበር። ኖራ መነስነስ የተለመደ ቢሆንም ካልሲየሙ ስፖሩን ሊያቆየው ስለሚችል አንመክርም።

ዕቅዱ ይመለከታችኋል። በ2017 ማኒላ ላይ በፍልሰተኛ የዱር እንስሳት ስምምነት ሥር የጸደቀ የ12 ዓመት ዕቅድ ነው፤ 15 ዝርያዎችንና 128 አገሮችን ያቅፋል። በቡልጋሪያና በቱርክ የሚፈለፈለው የግብፅ ጥንብ አንሳ የፈረንጆቹ ብርድ ሲገባ ከእናንተ ቁልቁል ወደ አፋር ይወርዳል። እዚያ ቢጠበቅ እዚህ ከሞተ ልፋቱ ከንቱ ነው፤ ጥንብ አንሳ አብዛኛውን ጊዜ በዓመት ከአንድ ወይም ከሁለት ዕንቁላል በላይ አይጥልም።

ከመድኃኒቱ የከፋው ለጅብና ለባለቤት አልባ ውሻ ተብሎ ሥጋ ላይ የሚደረገው መርዝ ነው። በ2019 ቦትስዋና ውስጥ መርዝ በተደረገባቸው ሦስት የዝሆን በድኖች ብቻ 537 ጥንብ አንሶች አልቀዋል። ለጅብ መድኃኒቱ ጠንካራ በረትና ማታ የሚዘጋ በር ነው። የተመረዘ እንስሳ ካገኙ በባዶ እጅ አይንኩት፤ ወፍ ሳይሰፍርበት በአፈር ሸፍነው ለቀበሌው ያሳውቁ።