ማይኩ ክፍት መሆኑን ንገሪያት

ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ሰፈር የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። እንደ ድሬ ልጅ «አንተ» እያልሽ ነው የጻፍሽልኝ፤ ደስ ብሎኛል።

ሪያሊቲ ሾው ቀረጻ ላይ በረዳትነት ሦስት ወር ሠርተሻል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ገብተሽ ከምሽቱ 5 ሰዓት ትወጫለሽ። የጽሑፍ ውል የለሽም። እንቅልፍ የነሳሽ ግን ፕሮዲውሰሩ ስለ አንዷ ተወዳዳሪ ያለሽ ነው፦ «ስለ ሟች ባሏ ጠይቂያት፣ ታልቅስ።»

እኔ ለዓመታት ድምፅ ቀራጭ ነበርኩ። አንድ ቀን አንዲት ተወዳዳሪ ለዕረፍት ወጣች። ነጠላዋ ሥር የሰካሁላትን ማይክ ረስታዋለች። ለእህቷ ደውላ ስለ ዕዳዋ ታወራለች። ትንፋሿ ሳይቀር ጆሮዬ ውስጥ ነው። አለቃዬ በእጁ «አታጥፋው» አለኝ። አላጠፋሁም። ተላለፈ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ አታስለቅሻት። «ፈርማለች» ይሉሻል። የፈረመችው ለመቀረጽ ነው እንጂ ቁስሏን እንዲነካኩባት አይደለም። ማይኩን ስትሰኪላት ቀስ ብለሽ ንገሪያት፦ «ስለ ባለቤትሽ ሊጠይቁሽ ይችላሉ። ካልፈለግሽ አትመልሺ። ዕረፍት ስትወጪም ማይኩ ክፍት ነው።» ፕሮዲውሰሩንም ለብቻው አግኝተሽ «እኔ አልጠይቃትም» በዪው። ሊያባርርሽ ይችላል። ይህንን አውቀሽ ግቢበት።

እናትሽ «ልጄ ቲቪ ትሠራለች» እያሉ ሰፈር ውስጥ ስለሚኮሩ «ከሥራው እንዳትወጪ» ብለውሻል። ኩራታቸው ይገባኛል፤ ግን በዚያ ሰዓት ደክመሽ ስትገቢ በር የሚከፍቱልሽም እሳቸው ናቸው። የታናሽሽን የትምህርት ቤት ክፍያ ለምን አንቺ ብቻ ትሸከሚዋለሽ? ታላቅ ወንድምሽ ባጃጅ አለው ብለሻል። ያግዝ እንጂ!

ስለ ሥራ ሰዓቱ፦ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። ትርፍ ሰዓትም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 አያልፍም። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ የሠራሽው በ1.75 ተባዝቶ ይከፈላል። በቃል የተገባ ውልም ውል ነው። ከዛሬ ጀምሮ የገባሽበትንና የወጣሽበትን ሰዓት ደብተር ላይ መዝግቢ።

ልማር ያልሽው የካሜራ ኮርስ ይቆይ። ይልቅ ድምፅ ቀረጻ ተማሪ። እኔ እንደማየው ድሬ ውስጥ ሠርግ ቀራጭ ሞልቷል፤ ድምፅ የሚያውቅ ነው የጠፋው።

የሴትየዋ ቀረጻ መቼ ነው? ከዚያ በፊት ጻፊልኝ።