ዓሳው ለምን ከሳ? የአርቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች የተማከሩ ይመስል ሁሉም ስለ ውሃ ናቸው። የመጀመሪያው ላይ ትንሽ እቆያለሁ፣ ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ እንላቸዋለን።

«ከወንድሜ ጋር የቆሮሶ (ቲላፒያ) ጫጩት በአንድ ቀን ከአንድ ቦታ አመጣን። የሱ ኩሬ በወንዝ ጠለፋ ይሞላል፣ የኔ በጉድጓድ ውሃ። መኖው አንድ ነው፣ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ። የሱ ወፈረ፣ የኔ ጭንቅላት ብቻ ሆነ። ሰው በዓይኑ በላብኝ እንዴ?» (ከሐይቅ ከተማ)

አብሽሪ እህቴ፣ ዓይን አይደለም። ግን መጀመሪያ ለኪ። አሥር ያህል ዓሳ አውጪና ከአፉ ጫፍ እስከ ጭራው ጫፍ በሴንቲ ለክተሽ፣ በግራም መዝኚው። ክብደቱን በ100 አባዢ። የመጣውን ደግሞ ርዝመት በርዝመት በርዝመት ሲባዛ (ለ20 ሴንቲ 20×20×20) ለሚሰጠው ቁጥር አካፍዪ። 20 ሴንቲ ዓሳ 160 ግራም ከመዘነ 16,000 ለ8,000 ነው፣ ማለትም 2። ቆሮሶ 2 አካባቢ ከሆነ ሥጋ ይዟል። ያው 20 ሴንቲ ዓሳ 112 ግራም ብቻ ከሆነ ግን 1.4 ይመጣል፣ እሱ ወይ ርቦታል ወይ ታሟል።

አሁን ወደ ውሃው። የወንድምሽ ኩሬ አረንጓዴ ነው፣ አይደል? ያ አረንጓዴ ደቃቅ አልጌ ነው፣ ቆሮሶ ደግሞ በሬ መስክ ላይ እንደሚውለው ቀኑን ሙሉ እሱን ሲግጥ ይውላል፣ ፉርሽካና ፋጉሎው ምራቂ ነው። ያንቺ ውሃ ኩልል ያለ ነው። ለዓይን ያምራል፣ ለዓሳው ግን ባዶ ገበታ ነው። በዚያ ላይ ከመሬት ሥር የወጣ ውሃ ኦክስጅኑ በጣም ትንሽ ስለሆነ ከከፍታ ድንጋይ ላይ እየተረጨ እንዲወርድ አድርጊው። የደረቀ የዶሮ ኩስ በጆንያ ቋጥረሽ ጥግ ላይ ዘፍዝፊ። ከሳምንት በኋላ ክንድሽን እስከ ክርንሽ አስገቢና እይ። መዳፍሽ ሊጠፋ ሲል ልክ ነው። የእጅሽ አንጓ ሳይሰጥም መዳፍሽ ከጠፋ በዝቷልና ጆንያውን አውጪ።

ይህን የምለው ስለተቃጠልኩ ነው። እኔ ቸኩዬ እርጥብ ኩስ በባልዲ ገለበጥኩ። ውሃው በሳምንቱ እንደ ጎመን አረንጓዴ ሆነ፣ ደስ አለኝ። አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ስወርድ ዓሳው ሁሉ አፉን ከውሃ በላይ አውጥቶ ያዛጋል። አልጌ ቀን ኦክስጅን ይሰጣል፣ ሌሊት ግን ራሱ ይወስዳል፣ ስለዚህ ክፉው ሰዓት ንጋት ነው። ግማሹን ቀበርኩ።

«ኩሬዬ ደሴ ጓሮዬ ውስጥ ነው። ስምንት ወር ሞላው፣ ዓሳዬ ግን ከጣቴ አልበለጠም።» (ከደሴ)

ወንድሜ፣ ብርዱ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቆሮሶ በደንብ የሚያድገው ውሃው ከ26 እስከ 30 ዲግሪ ሲሆን ነው፣ ከ20 በታች እድገቱ ይጎተታል፣ እየቀዘቀዘ ሲሄድ መብላትም ይተዋል። ያልተበላ መኖ ደግሞ ውሃውን ያበላሻል። በላስቲክ ቤት መሸፈን ይረዳል። ካልሆነ ካርፕ ሞክር፣ ብርድ ይችላል።

«ከምሴ ነኝ። ውሃው ሞቃት ነው፣ ዓሳውም ወፍራም ነው፣ ግን ሁሉም የመዳፍ ያህል ሆኖ ቀረ።»

ከላይ ለእህታችን ባልኩት ስሌት ካሰላህ 2 ያገኘህ ይመስለኛል። ወፍራም መሆንና ማደግ ለየቅል ናቸው። ሙቀት ሲያገኝ ቆሮሶ ገና በልጅነቱ ይራባል፣ ሴቷ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ስትታቀፍ አትበላም፣ ኩሬውም በልጅ ይሞላል። ወንድ ብቻ የሆነ ጫጩት ግዛ። ወይም ጥቂት አምባዛ ጨምርበት፣ ትንንሾቹን እየበላ ይቀንስልሃል። ብቻ አምባዛው ከዋናዎቹ ቆሮሶዎች ያነሰ ይሁን፣ አለዚያ ለሁዳዴ ገበያ ያሰብከውን እሱ ይጾምበታል።

«በቧንቧ ውሃ ጨመርኩበት፣ በማግስቱ ሁሉም ተንሳፈፈ።» (ከኮምቦልቻ)

ክሎሪን። ውሃውን ክፍት በርሜል ውስጥ ሁለት ቀን አሳድረው፣ ከዚያ በጥቂት በጥቂቱ ጨምር።

«የሐይቅ ከተማው ሐይቃችን ውሃ ሶዳ ሶዳ ይላል። በሱ ኩሬ ብሞላ ዓሳው ያድጋል?» (ከተሁለደሬ፣ አንድ አባት)

ያድጋል አባባ። ሐይቁ መውጫ ወንዝ ስለሌለው ጨውና ሶዳው ይከማቻል፣ ፒኤቹም (የውሃው የኮምጣጣነትና የሶዳነት ልኬት) 9 አካባቢ ነው። ቢሆንም ቆሮሶ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ተጨምሮበት እስካሁን እየተራባ ስንቱን አብልቷል። ኩሬ ላይ ግን ጠባብ ስለሆነ አንድ ነገር ይጠንቀቁ። እንዲህ ባለ ውሃ ከኩስና ከተረፈ መኖ የሚወጣው አሞኒያ መርዝነቱ ይብሳል፣ ቀትር ላይ ደግሞ ከሁሉም ይከፋል። መኖውን ዓሳው በሩብ ሰዓት የሚጨርሰውን ያህል ብቻ ይስጡ። ከተረፈ በማግስቱ ይቀንሱለት።