ስለ ስፔስ ኤኮ ጠይቁኝ

የቴፕ ኤኮ፣ ማለትም ድምፅን ቴፕ ላይ ቀድቶ ወዲያው መልሶ በማጫወት የገደል ማሚቶ የሚፈጥር የሙዚቃ መሣሪያ፣ መጠገን ከጀመርኩ ቆየሁ። ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ሮላንድ አርኢ-201 ስፔስ ኤኮ ስለሆኑ እሱን ልያዝ።

ጥያቄ፦ ኤኮው ይዋልላል፤ የታመመ በግ ይመስላል። ሞተሩ ነው አይደል?

ሁሉም ሰው ሞተሩን ይከሳል! መጀመሪያ ክዳኑን ክፈት። ቴፑን የሚጎትቱት አንድ ቀጭን የብረት ዘንግና እሱን የሚጫን ጎማ ናቸው። ዘንጉን በባትሪ ብታየው ቡናማ ቅርፊት ተጋግሮበታል። ከቴፑ የተላጠ ዱቄት ነው። በዚያ ላይ ቴፑ አንዴ ፈጠን፣ አንዴ ዘግየት ይላል። ማሽኑን ነቅለህ፣ ጥጥ አልኮል ነክረህ፣ ጥጡ ነጭ ሆኖ እስኪመለስ ጥረግ። ጎማውን ግን አልኮል ያደርቀዋል፤ ለብ ያለ ውሃና ትንሽ ሳሙና ይበቃዋል። በጥፍርህ ስትጫነው እንደ ድንጋይ ከሆነ አልቆለታል፣ ቀይረው። ይህን ሁሉ አድርገህ ካልተስተካከለ፣ ያኔ ሞተሩን እንማው።

ጥያቄ፦ አልኮል ከሌለ በሽቶ ብጠርገውስ?

የካሴት ዘመን ልጅ ነሽ መሰለኝ። ሽቶ ዘይት አለው፣ ሄዱ ላይ (ቴፑን የሚነካው፣ ድምፁን የሚቀዳውና የሚያጫውተው ክፍል) ይቀራል። 99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል ስልክ ጠጋኞች ጋ ጠይቂ።

ጥያቄ፦ ቴፑ ሳጥኑ ውስጥ ተዘበራርቋል። ተበላሸ?

ተፈጥሮው ነው። የሚጠቀለልበት ሪል የለውም፤ ጫፍና ጫፉ የተጋጠመ አንድ ቴፕ እየተጠማዘዘ ይዞራል። ጀርባው ግራፋይት የተቀባ ቴፕ የሚፈልገውም እርስ በርሱ እንዳይጣበቅ ነው። ስፋቱ 6.35 ሚሊሜትር ስለሆነ የካሴት ቴፕ አይሆነውም። መጋጠሚያውን በስኮች እንዳትለጥፈው፤ ሙጫው ወጥቶ ሄዱን ይለቀልቀዋል።

ጥያቄ፦ ኤኮው ታፍኗል፣ ጥራት የለውም።

ማጥፊያ፣ መቅጃና 3 ማጫወቻ ሄዶች አሉት። የትኛው ማጫወቻ እንደሚሰማ የሚወስነውን መምረጫ እያዞርክ አዳምጥ። አንዱ ቦታ ላይ ብቻ ከታፈነ ያ ማጫወቻ ቆሽሿል። ሁሉም ጋ ከሆነ ከመቅጃው ጀምር።

ጥያቄ፦ ሁልጊዜ እምም ይላል።

ማሽኑ በፈረንጆች 1974 የወጣ ነው። ካፓሲተሮቹ (ውስጡ ኤሌክትሪኩን የሚያረጋጉት ክፍሎች) ሸምግለዋል፣ ለሚያውቅ ሰው ስጠው።

ጥያቄ፦ ከጃፓን ተልኮልኝ አዲስ አበባ ደርሷል። ልሰካው?

ኧረ ቆይ! ጀርባውን አንብብ። ለጃፓን የተሠራው 100 ቮልት ነው፣ የእኛ ሶኬት 220። መሃል ላይ ቮልት ማውረጃ ትራንስፎርመር አስገባ። ሞተሩ በዲሲ (አቅጣጫው በማይቀያየር ኤሌክትሪክ) የሚሠራና ፍጥነቱ በመብራቱ ኸርዝ የማይወሰን ስለሆነ ስለ 50 እና 60 ኸርዝ ልዩነት አትጨነቅ።