የስብ መልእክት፣ ብግነትና ካንሰር፦ ጥያቄና መልስ

በሕዋሳት ሽፋን ውስጥ ያሉ ስቦች ከብግነት (ሰውነት ለቁስል ወይም ለጉዳት በመቅላትና በማበጥ የሚሰጠው ምላሽ) እና ከካንሰር ጋር ስላላቸው ግንኙነት የቀረቡልኝን ጥያቄዎች እንደየአመጣጣቸው መልሻለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ስብ የኃይል ማከማቻ ነው ተብለን ነው የተማርነው። መልእክት የሚያስተላልፈው እንዴት ነው?

የተማራችሁት እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ነው። እያንዳንዱ ሕዋስ የተሸፈነው በስብ ነው። በዚያ ሽፋን ውስጥ አራኪዶኒክ አሲድ የሚባል 20 ካርቦን ያለው ፋቲ አሲድ ተሰክቶ ይቀመጣል። ጣትዎ ሲቆረጥ ፎስፎሊፔዝ ኤ2 የተባለው ኢንዛይም ይህን አሲድ ከሽፋኑ ነጥሎ ያወጣዋል። ኮክስ የሚባሉት ኢንዛይሞች ካገኙት ወደ ፕሮስታግላንዲን፣ ሊፖክሲጅኔዝ ካገኘው ደግሞ ወደ ሊዩኮትራይን የሚወስደውን መንገድ ይይዛል። ፕሮስታግላንዲን ኢ2 የደም ሥሮችን ያሰፋል፣ የሕመም ነርቮችንም ያነቃል፤ ቁስሉ የሚቀላውና የሚጠዘጥዘው በዚህ ነው። ሊዩኮትራይን ቢ4 ነጭ የደም ሕዋሳትን ወደ ስፍራው ይጠራል። እነዚህ መልእክተኞች ተጠራቅመው አይጠብቁም። በተፈለጉበት ቅጽበት ይሠራሉ፣ እዚያው አካባቢ ሥራቸውን ይፈጽማሉ፣ ወዲያውም ይፈርሳሉ።

ጥያቄ፦ ብግነት የሚያድን ከሆነ ከካንሰር ጋር ምን አገናኘው?

ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ቪርኮ በ1863 በዕጢዎች ውስጥ ነጭ የደም ሕዋሳት መኖራቸውን አስተውሎ ነበር። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ የብግነት መጀመር ሳይሆን አለመቆሙ ነው። ለረጅም ጊዜ ብግነት እየደከመ ሄዶ በራሱ የሚጠፋ ይመስል ነበር። ነገሩ እንደዚያ አይደለም፤ እንዲቆም የሚያዝዙት ራሳቸው ስቦች ናቸው። ሊፖክሲን ከዚያው ከአራኪዶኒክ አሲድ ይሠራል፤ ቻርልስ ሰርሃንና ባልደረቦቹ ያገኟቸው ሪዞልቪኖች ደግሞ በዓሣ ዘይት ውስጥ ካለው ከኦሜጋ-3 ስብ ይገኛሉ። አዲስ ነጭ የደም ሕዋሳት እንዳይጎርፉ ይከለክላሉ፣ የሞቱትም በሌሎች ሕዋሳት ተውጠው እንዲጸዱ ያደርጋሉ።

ይህ ትእዛዝ ሲጠፋ ቁስሉ አይዘጋም። በብዙ የትልቁ አንጀት ዕጢዎች ውስጥ ከኮክስ ኢንዛይሞች አንዱ የሆነው ኮክስ-2 ከመጠን በላይ ይገኛል። ከዚያ የሚወጣው ፕሮስታግላንዲን ኢ2 ሕዋሳቱ እንዲባዙና ከሞት እንዲያመልጡ ይረዳል፣ ዕጢውን የሚመግቡ አዳዲስ የደም ሥሮች እንዲያድጉ ያግዛል፤ ዕጢውን ሊያጠቁ የመጡትን ቲ ሕዋሳትም ያዳክማል። ቁስል ለመጠገን የተሰናዳ መሣሪያ ሁሉ ለዕጢው ይውላል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ሌሎች የስብ መልእክቶችስ አሉ?

ብዙ ናቸው፤ አንዱን ብቻ ላንሳ። ከሽፋኑ ሳይወጣ መልእክት የሚያስተላልፍ ፒፕ-2 የሚባል ስብ አለ። ፒ-አይ-3 ኪናዝ የተባለ ኢንዛይም አንድ ፎስፌት ሲጨምርበት ፒፕ-3 ይሆናል፤ ይህም ለሕዋሱ «እደግ፣ አትሙት» የሚል ትእዛዝ ነው። በ1997 የታወቀው ፒቴን የተባለ ኢንዛይም ፎስፌቱን መልሶ ያነሳል። በብዙ ካንሰሮች ወይ ኪናዙ በሚውቴሽን (በጂን ለውጥ) ሥራውን ማቆም ያቅተዋል፣ ወይ ፒቴን ይጠፋል።

ጥያቄ፦ አስፒሪን ኮክስን ከገታ ሁላችንም ለመከላከያ ብንወስደውስ?

አይሆንም። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ጆን ቬን በ1971 አስፒሪን የፕሮስታግላንዲንን መሠራት እንደሚገታ አሳየ፤ በ1982ም ከስዊድናውያኑ ተመራማሪዎች ከበርግስትሮምና ከሳሙኤልሰን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ነገር ግን ኮክስ-1 የጨጓራን ግድግዳ የሚጠብቅ ፕሮስታግላንዲንም ይሠራል፤ እሱን መግታት መድማትን ያስከትላል። ሊንች ሲንድረም የሚባል፣ ለትልቁ አንጀት ካንሰር የሚያጋልጥ በዘር የሚወረስ ችግር ላለባቸው ሰዎች በቀን 600 ሚሊግራም ለሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ መውሰድ የትልቁን አንጀት ካንሰር ቀንሷል። በሌላ በኩል በ2018 የታተመው አስፕሪ የተባለ ጥናት ከ19,000 በላይ ጤነኛ አረጋውያንን ተከታትሎ ጥቅም አላገኘም፤ እንዲያውም አስፒሪን በወሰዱት ዘንድ ሞት በመጠኑ ከፍ ብሎ ታየ። አንዱ መድኃኒት ለአንዱ ይበጃል፣ ሌላውን ይጎዳል።

ጥያቄ፦ ኮክስ-2ን ብቻ መግታት አይሻልም?

ተሞክሯል። ኮክስ-2ን ብቻ የሚገታው ሮፌኮክሲብ የተባለ መድኃኒት ለጨጓራ የተሻለ ነበር፤ ሆኖም የልብ ጥቃትንና ስትሮክን ስለጨመረ በ2004 ከገበያ ወጣ። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ፕሮስታሳይክሊን ሲቀንስ፣ እንዲረጋ የሚያደርገው ትሮምቦክሳን ሳይነካ ቀረ።

ጥያቄ፦ የዓሣ ዘይት ክኒንስ?

ሪዞልቪን ከኦሜጋ-3 መሠራቱ ተስፋ ሰጥቶ ነበር። ቫይታል የተባለው ጥናት ግን 25,871 ሰዎችን ለአምስት ዓመት ያህል ተከታትሎ ክኒኑ ካንሰርን እንደማይከላከል አሳይቷል። ለካንሰር መከላከያ ብላችሁ ገንዘብ አታውጡበት።

ጥያቄ፦ እናቴ በትልቁ አንጀት ካንሰር ቀዶ ሕክምና አድርጋለች። ሐኪሟን ምን ልጠይቅ?

እግዚአብሔር ይማርልዎት። መጀመሪያ ዕጢው የፒ-አይ-3 ኪናዝ ለውጥ እንዳለው ተመርምሮ እንደሆነ ይጠይቁ። በ2025 የታተመ የሰሜን አውሮፓ ጥናት ይህ ለውጥ ላለባቸው ታካሚዎች ከቀዶ ሕክምና በኋላ በቀን 160 ሚሊግራም አስፒሪን ለ3 ዓመት ሰጥቶ፣ የበሽታው መመለስ በግማሽ ያህል እንደቀነሰ አሳይቷል። ከዚያ እናትዎ የጨጓራ ቁስል ወይም የመድማት ታሪክ ካላቸው፣ ደም የሚያቀጥን ሌላ መድኃኒትም የሚወስዱ ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩ። መልሱ እስኪመጣ ድረስ በራሳችሁ አትጀምሩ።